ለወረቀቱ ልክ የሆነው አዳራሽ

እስከዛች ቅዳሜ ድረስ አንድ ሰው መጥቶ «ሞቲ፣ በወረቀት ምክንያት ቤት ያጥራል» ቢለኝ ስቄበት ነበር የማልፈው። ወረቀት ለኔ አትመህ፣ ጠቅልለህ የምትሰጠው ነገር ነው፣ አለቀ። ዛሬ ግን ፕሪንተር ሲንጫጫ ስሰማ ማስመሪያ ነው የምፈልገው፣ እውነቴን ነው።

ነገሩ የሆነው በ2003 ግንቦት ላይ ነው። አምቦ አንዲት ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ ድራፍትስማን ነበርኩ፣ ፕላን በኮምፒውተር የሚስል ሰው ማለት ነው። ቢሮው ሶስት ሰው ነው፤ አለቃችን ኢንጂነር ሸዋገነት፣ ጸሐፊዋ ዶርቃስና እኔ። ጊንጪ፣ ወደ ጭልሞ ጫካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ የወንጌል አማኞች ጉባኤ አዳራሽ እያሰራ ነበር። ወርዱ አስራ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቱ ሃያ። ፕላኑ የኛ ነው። ጣሪያውን የሚሸከሙት ስድስት ትልልቅ የብረት ክፈፎች ግን አዲስ አበባ ነው የተበየዱት።

ድንጋዩን ህዝቡ ራሱ ነው ያመጣው። እሁድ እሁድ ለጸሎት የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ ይመጣል፣ ልጅ በአቅሙ፣ ሽማግሌ በአቅሙ። ሁለት አመት ሙሉ እንደዛ ተሰበሰበ። ስለዚህ ያ ቤት የማን ነው ብትሉ፣ እያንዳንዱ ሰው «ያችኛዋ ድንጋይ የኔ ናት» ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ፎርማኑ ኦቦ ቀነዓ ይባላሉ። ስልሳን አልፈዋል፣ ቀጭን ናቸው፣ ኮፍያቸው ስር ሁሌ እርሳስ አለች። ከባኮ እስከ አዲስ ዓለም ድረስ እሳቸው ያልገነቡበት ከተማ የለም። ታዲያ ሜትር አይወዱም። «ሜትር ይታጠፋል፣ ጫፉን የያዘው ልጅ ደግሞ ወሬ ያያል» ይላሉ። የሳቸው አሰራር ሌላ ነው። ፕላኑን አንዴ በደንብ ያዩታል፣ ማስመሪያ ይጭኑበታል፣ ከዛ ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ ዱላ ይቆርጣሉ። ለበር አንድ ዱላ፣ ለመስኮት አንድ ዱላ። ትልቋን «እናቲቱ» ነው የሚሏት፤ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለው ልክ ነች። እናቲቱ ሶስቴ ስትገለበጥ ወርዱ ነው፣ አምስቴ ስትገለበጥ ርዝመቱ። ዱላው ከተቆረጠ በኋላ ወረቀቱን ዞር ብለው አያዩትም።

ያን ቅዳሜ የመጀመሪያው ብረት የሚወጣበት ቀን ነበር። ደቦ ተጠርቷል። ስልሳ ሰው ይሆናል፣ እና ደቦ ላይ ሃይማኖት አይጠየቅም፣ ከማርያም ሰፈር የመጡ አሉ፣ ገመድ ያዋሱት ባለሱቅ ሙስሊም ናቸው። ኢንጂነር ሸዋገነት አዲስ አበባ ስብሰባ ስለነበራት «ሂድና ፎቶ አንሳልኝ» ብላ እኔን ላከችኝ።

ሰው በዜማ ጎተተ፣ ብረቱ ተነሳ፣ አየር ላይ ወጣ። ካሜራዬን ደቅኜ ነው የማየው። አንደኛው ጫፍ ግድግዳው አናት ላይ አረፈ። እልል ተባለ። ሌላኛው ጫፍ ግን ወረደ፣ ወረደና... ግድግዳውን አልፎ ውጪ ተንጠለጠለ።

ዜማው መሃል ላይ ነው የተቆረጠው።

«ወደዛ ሳቡት!» አለ አንዱ። ሳቡት። አሁን ደግሞ በዚህ በኩል ተንጠለጠለ።

አንድ ግድግዳው ላይ የተቀመጠ ቀልደኛ ወጣት፣ ጉዴ የሚባል፣ «ይሄ ብረት ሲጫን ልክ ነበር፣ አዲስ ዓለም ላይ ድንች ጋብዘውት ነው ያደገው» አለ። ሁለት ሰው ሳቀ።

የህንጻ ኮሚቴው ሊቀመንበር ኦቦ ሮባ ነበሩ፣ የድሮ የሂሳብ አስተማሪ። ሜትር አስመጡ። ብረቱን ለኩ፣ አስራ ሁለት። ቤቱን ለኩ። ለኩና ሜትሩን ትክ ብለው አዩት። እንደገና ለኩ። ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው አደረጉና ለሶስተኛ ጊዜ ለኩ።

«አስራ አንድ ከሃያ ስምንት» አሉ።

እኔ ጆሮዬን ነው ያላመንኩት። በሁለትና በሶስት ሳንቲም የሚሳሳት ቤት አይቻለሁ። ሰባ ሁለት ሳንቲም ግን እንዴት ተደርጎ ይሳታል? ርዝመቱም ተለካ፤ አስራ ስምንት ከሰማንያ። ሃያ መሆን የነበረበት! አንዲት ሴት ከኋላዬ «ያ ዋቃ!» ብላ አምላኳን ጠርታ አፏን ያዘች።

ኦቦ ሮባ ኮሚቴው ጋ ያለውን ፕላን ከቤታቸው አስመጡ። ያ ኮፒ ከአዲስ አበባ በትልቁ ማሽን ታትሞ የመጣው ነው፣ የሚያምር ወረቀት። ሰው ሁሉ ፊት ዘረጉት።

«ኦቦ ቀነዓ፣ ይሄ ስንት ይላል?»

«አስራ ሁለት ይላል» አሉ ኦቦ ቀነዓ።

«ማስመሪያውን ይጫኑበት። ስንት ሳንቲም ነው?»

«አስራ ሁለት።»

«አንድ ሳንቲም አንድ ሜትር ነው። ወረቀቱ አስራ ሁለት፣ ብረቱ አስራ ሁለት። የርስዎ ቤት ብቻ ነው ያነሰው። ሰባ ሁለት ሳንቲሙን ምን በላው?»

ኦቦ ቀነዓ እናቲቱን ይዘው ቆመዋል፣ ጣታቸው ዱላው ላይ ይሄዳል ይመለሳል።

«ቤት ሲያጥር ሲሚንቶ ይተርፋል» አሉ ኦቦ ሮባ። ድምጻቸው አልጮኸም፣ እሱ ነው የባሰው። «ብረትም ይተርፋል። የተረፈው የት ገባ?»

እግዚኦ! ስልሳ ሰው ፊት! ሌባ የሚለውን ቃል አላወጡትም፣ ግን ሰማነው ሁላችንም።

«ለኔ የተሰጠኝ ወረቀት ይሄ አይደለም» አሉ ኦቦ ቀነዓ በመጨረሻ። «ከአምቦ ነው የመጣልኝ። ቁጥር አልነበረውም፣ ነጭ ነበር። ደውዬ ጠይቄያለሁ። በማስመሪያ ለካ ተባልኩ፣ ለካሁ።»

«ወረቀቱ የታለ?»

«መጋቢት ላይ የመጋዘኑ ጣሪያ አፈሰሰበትና ተበላሸ። ዘበኛው እሳት አቀጣጠለበት።»

«እንግዲህ ተቃጥሎልዎታል!» አለ ከሰው መሃል አንዱ።

እንደዛ ሲባል የሳቸውን ፊት ማየት አልቻልኩም። ኦቦ ሮባ ነገ ከጸሎት በኋላ ለጉባኤው እንደሚናገሩ፣ ሰኞ ደግሞ ለፖሊስ እንደሚያመለክቱ ተናገሩ። ሰው ገመዱን እየጠቀለለ መበተን ጀመረ። ኦቦ ቀነዓ ወደኔ መጡ።

«ሞቲ፣ ወረቀቱ ከናንተ ቤት ነው የወጣው። ሂድና ያንኑ አምጣልኝ። ከነገ ጸሎት በፊት።»

«እሺ ኦቦ ቀነዓ። ግን ማን ነው በስልክ ለኩ ያልዎት?»

አይኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ያለው ሰው ያውቃል» አሉ።

እኔ፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ አላስታወስኩም። ሚኒባስ ውስጥ እስከ አምቦ ድረስ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። ፕላኑ አንድ ለመቶ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ስለዚህ ስህተቱ የሳቸው ነው። አትሜ ብወስድላቸው ጭራሽ ነው የምቀብራቸው፣ እያልኩ አዘንኩላቸው። አስቡት፣ እኔ ለሳቸው አዘንኩ!

አምቦ ስደርስ መብራት የለም። ዶርቃስ ቢሮ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች።

«ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለችኝ። «ምን ሆነሃል፣ ፊትህ አመድ መስሏል?»

ነገርኳት። ፋይሉ ፍላሽ ላይ አለኝ፣ ጄኔሬተር ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት አብረን ሄድን። አውቶካድ፣ ፕላን የምስልበት ፕሮግራም፣ ነበራቸው፣ ከፈትኩት፣ የፕሪንተር ስም አላገኘሁም ምናምን የሚል መልእክት መጣ፣ እሺ ብዬ አለፍኩ። ታተመ። እዛው ባንኮኒው ላይ ማስመሪያ ጫንኩበት፣ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ። አራት ሳንቲም መሆን አለበት።

ሶስት ከሰማንያ ስምንት።

«ማስመሪያው ነው» አልኩ። የባለቤቱን ማስመሪያ ተዋስኩ። ሶስት ከሰማንያ ስምንት። ጥጉ ላይ ደግሞ በትልቁ «ስኬል 1፡100» ተብሎ ተጽፏል! ወረቀቱ ስለራሱ እየዋሸ ነው እኮ!

«እንዴ ሞቲ» አለች ዶርቃስ፣ «ይሄስ ከሁለቱም አይሆንም፣ አራትም አይደል፣ የኦቦ ቀነዓም አይደል።»

የኦቦ ቀነዓ አስራ አንድ ከሃያ ስምንት ለሶስት ሲካፈል ሶስት ከሰባ ስድስት ነው። ይሄ ሶስተኛ ልክ ነው። አንድ ፋይል ሶስት መጠን ያለው ቤት እንዴት ይወልዳል? እዛው ቆሜ ቀረሁ፣ ባለቤቱ «ሌላ ሰው ይጠብቃል» እስኪለኝ ድረስ።

ወደ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ቢሮ ሮጥን። ያንኑ ፋይል በኛ ፕሪንተር አተምኩ። ለካሁ።

ሶስት ከሰባ ስድስት።

ያኔ ነው የኦቦ ቀነዓ ስልክ ትዝ ያለኝ። ልክ አሁን እንደሚደወል ሆኖ ነው ጆሮዬ ውስጥ የሰማሁት። ህዳር ላይ ነው፣ ምሳ ልወጣ ስል። «ሞቲ፣ ቁጥሩ አይታይም፣ ማስመሪያው ሶስት ከሰባ ስድስት ገደማ ይለኛል፣ ልክ ነው ወይ? እኔ እንዲህ ያለ የተሰባበረ ቁጥር ገጥሞኝ አያውቅም።» እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ኦቦ ቀነዓ፣ ድሮ ነው ሙሉ ቁጥር። አሁን በኮምፒውተር ነው የሚሰራው። ማስመሪያው ያለዎትን ይያዙ።» እየሳቅኩ ነው ያልኩት። ስልኩን ዘግቼ ሽሮዬን በላሁ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«አንተ ነህ?» አለች ዶርቃስ።

«እኔ ነኝ።»

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ ነኝ ስል ገና ሙሉውን አላወቅኩትም ነበር። ፋይሉ ለምን አጠረ ብዬ የህትመቱን መስኮት ከፈትኩት። እዛ ላይ ሶስት ነገር ነው የምትመርጡት፤ የትኛው ፕሪንተር፣ የትኛው ወረቀት፣ በየትኛው ልክ። ልክ በሚለው ቦታ አንድ ለመቶ መሆን ሲገባው አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። «ከወረቀቱ ጋር አስተካክለህ አትም» ማለት ነው። ያን ምልክት ያደረገውን ሰው አውቀዋለሁ። ቢሮ ውስጥ የተጨበጨበለት ሰው ነው።

ጥቅምት ላይ ነው። የጋራ ፎልደራችን ውስጥ ያሉት ፕላኖች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ሸሪኮቻችን የመጡ ናቸው፣ እኛ የሌለንን ትልቅ ማተሚያ ነው የሚፈልጉት። በከፈትን ቁጥር መልእክት ይመጣል፣ ስናትም ጠርዙ ይቆረጣል፣ ኢንጂነር ሸዋገነት ትቆጣለች። እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጬ አርባ አንዱንም ፋይል የኛን ፕሪንተር እንዲያውቁ አደረግኳቸው፣ ጠርዝ እንዳይቆረጥ ደግሞ ያችን ሳጥን በሁሉም ላይ ነካኋት። ሰኞ ሁሉም እንደ ውሃ ታተመ። አለቃዬ አምቦ ውሃ በብርጭቆ አንስታ «ለሞቲ!» አለች። ፕሪንተሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ስለዚህ ስእሉን ጨመቅ አድርጎ ያስገባዋል። ከመቶ ስድስት። በአይን አይታይም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ማሽን ደግሞ የራሱን ያህል ይጨምቃል። የኮሚቴው ኮፒ ግን ከዛ በፊት ስለታተመ ልክ ነው። እያንዳንዱ ፕሪንተር የራሱን ቤት ይሰራል ማለት ነው!

«ቁጥሩስ ለምን ጠፋ?» አለች ዶርቃስ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። ቁጥሮቹ ኮምፒውተሩ ላይ ቢጫ ናቸው፣ በኛ ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ሲታተሙ እንደ ሸረሪት ድር ስስ ሆነዋል። «እኔ ያኔ ቀለም ለመቆጠብ ብዬ ፎቶ ኮፒውን ነው የላክኩላቸው» አለች ቀስ ብላ። ጎረቤት ሄዳ ኮፒ አድርጋ መጣች። ቁጥር የሚባል የለም። ነጭ። ልክ እንዳሉት።

ተያየን።

«ያኛው ወረቀት ተቃጥሏል አይደል?» አለችኝ። «ዝም ብትል ማን ያውቃል?»

«ዶርቃስ!»

«እያየሁህ ነው» አለች። «አይንህ ወደ በሩ ስለሄደ ነው የጠየቅኩህ።»

አልዋሽም፣ አይኔ ወደ በሩ ሄዶ ነበር።

እሁድ በጠዋት ጊንጪ ነበርኩ። ለኢንጂነር ሸዋገነት ደውዬላት ከአዲስ አበባ በመኪናዋ መጥታለች፣ ከኔ ቀድማ። ፊቷ ላይ ቁጣ የጠበቅኩት እኔ ሞኙ ነኝ፣ የደነገጠ ሰው ፊት ነበራት። «ሁለቴ መጥቼ አይቻለሁ እኮ» ትላለች ደጋግማ። «ከማዕዘን ማዕዘን በሲባጎ አስለካሁ፣ እኩል ነው፣ ጎበዝ ብዬ ሄድኩ። ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ልክ ነበር!»

ኦቦ ሮባና ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ከጸሎት በፊት በአሮጌው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀበሉን። ኦቦ ቀነዓ ጥግ ላይ ቆመዋል፣ የእሁድ ኮታቸውን ለብሰዋል። ዱላዎቻቸውን በገመድ አስረው ይዘዋል። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ተባባልን፣ ማንም ማንንም በደንብ ሳያይ።

የኮሚቴውን ወረቀትና የኔን ወረቀት አንድ ላይ አድርጌ መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍኳቸው። የጠዋት ጸሐይ ከኋላ ገባችበት።

አንዱ ቤት ሌላኛው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ግድግዳው ከግድግዳው ገባ ብሎ፣ በሩ ከበሩ ገባ ብሎ፣ መድረኩ እንኳን ከመድረኩ ገባ ብሎ። ልክ እናት ልጇን እንዳቀፈች።

ኦቦ ሮባ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። «ይሄ... ይሄ ያው አንዱ ፕላን ነው?»

«አንዱ ነው» አልኩ። «ያሳጠረው ፕሪንተሩ ነው። ፕሪንተሩን እንዲያሳጥር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ቀነዓ ደውለው ሲጠይቁኝም ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም።

ኢንጂነር ሸዋገነት የዱላዎቹን ገመድ ፈታች። አንድ በአንድ በሜትር ለካቻቸው፣ እኔ ደግሞ ወረቀቱን በማስመሪያ። በሩ፣ መስኮቱ፣ መድረኩ፣ እናቲቱ። አንዱም አልሳተም። በሩ ዱላ ላይ ስንት ከሆነ ወረቀቱ ላይም ያው ነው። የሰውየው እጅ የፀጉር ያህል አልሳተም እኮ!

«ኦቦ ሮባ» አለች፣ «ሌባ እንዲህ እኩል አይሰርቅም። ሌባ ከመሰረቱ ይቀንሳል፣ ከብረቱ ይቀንሳል። የሽንት ቤት በር ላይ አምስት ሳንቲም የሚሰርቅ ሌባ አይተው ያውቃሉ?»

ኦቦ ሮባ መነጽራቸውን አወለቁ። ሂሳብ አስተማሪ ናቸው፣ ቁጥሩ ገባቸው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ የተናገሩት ገባቸው። አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«ኦቦ ቀነዓ» አሉ፣ «በደልኩዎት። ዛሬ ጉባኤው ፊት እናገራለሁ።»

«ዛሬ አይሆንም» አሉ ኦቦ ቀነዓ።

ሁላችንም ዞርን።

«ትናንት ስልሳ ሰው ነው የሰማዎት። ዛሬ እዚህ የሚመጣው ግማሹ ነው። የማርያም ሰፈር ሰዎች እዚህ ይመጣሉ? ባለገመዱ ይመጣሉ? እነሱ ዛሬ ገበያ ላይ ምን እያሉ ነው? በሰማው ጆሮ ልክ ይነገርልኝ። በዛው ቦታ፣ እነዛው ሰዎች ባሉበት።» ዱላዎቻቸውን ሰበሰቡ። «እስከዛ ግድግዳው ላይ አልወጣም።»

«ሰው በምን እንሰብስብ?» አሉ ከኮሚቴው አንዱ።

«ትናንት በሰበሰባችሁበት። በደቦ።»

ከዛ ወደ መስኮቱ መጡ። ሁለቱን ወረቀቶች ብዙ ጊዜ አዩዋቸው። «ሞቲ፣ ይሄ ጽሁፍ አንድ ለመቶ ይላል፣ ወረቀቱ ሲያጥር ጽሁፉ አላፈረም። ቁጥሩ ደግሞ ጠፋ። ስለዚህ እዚህ ጥግ ላይ ዱላዬን ሳልልኝ። እናቲቱን። አራት ሜትር ብለህ በጥቁር ጻፍባት። ወረቀቱ ሲያጥር እሷም አብራ ታጥራለች፣ ያኔ በሷ እለካለሁ፣ አልሳሳትም።»

«እኔ ይሄን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ» አለች ኢንጂነር ሸዋገነት። «ተምሬው ነው የተውኩት።»

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። አርባ አንዱን ፋይል አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ ያችን ሳጥን አጠፋሁ፣ ልኩን አንድ ለመቶ አደረግኩ፣ ቁጥሩን ጥቁር አደረግኩ፣ ጥጉ ላይ እናቲቱን ሳልኩ። ዶርቃስ ከጥቅምት ወዲህ ወረቀት የወሰደውን ሁሉ መዝገቡን እያየች ደወለች። ከኦቦ ቀነዓ ሌላ አምስት ሰዎች ነበሩ። አራቱ ገና መሰረት አልቆፈሩም። አንዱ ጉደር ላይ የግንብ አጥር ሰርቶ ጨርሷል። «ትንሽ አንሷል እንዴ? እኔ እኮ ቦታው ነው የሰፋ የመሰለኝ» አለን። ስልኩን ይዤ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ብረቱን ደግሞ ኢንጂነሯ ራሷ መፍትሄ ፈለገችለት። ከሁለቱም ጫፍ ሰላሳ ስድስት ሳንቲም ገባ ብሎ አዲስ ቋሚ ተበየደበት፣ እሱ ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ። የተረፈው ወደ ውጪ ወጥቶ ለግድግዳው የዝናብ ክዳን ይሆናል። አዳራሹ ግን ያው ያነሰው ነው፣ እሱ አይመለስም። ከኋላ ያለው የአግዳሚ ረድፍ ቀረ። ሁለት አመት ድንጋይ ተሸክሞ መቀመጫ ያጣ ሰው አለ ማለት ነው፣ እሱን እስከዛሬ አስባለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው መጣ። እንዲያውም በዛ፣ ወሬው ሄዷላ። ኦቦ ሮባ ልክ ያን ቀን የቆሙበት ቦታ ቆሙ። «ያለፈው ቅዳሜ እዚህ ቆሜ በኦቦ ቀነዓ ላይ የተናገርኩት ውሸት ነው። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ሰውየው የተሰጣቸውን ነው የገነቡት፣ አንድ ጥፍር አላጎደሉም። ይቅር በሉኝ» አሉ። በአማርኛ ከተናገሩ በኋላ እንደገና በኦሮምኛ ተናገሩት፣ የማይሰማ ጆሮ እንዳይኖር። ከዛ እኔን ጠቆሙኝ።

ያን ያህል ሰው ሲያያችሁ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁለቱን ወረቀቶች ወደ ጸሐይ ዘርግቼ ያዝኩና ነገርኳቸው፣ ስለ ሳጥኗም፣ ስለ ስልኩም፣ «ድሮ ነው ሙሉ ቁጥር» ማለቴንም።

ጉዴ ያው ግድግዳው ላይ ነበር። «እኛ ብረቱ አድጎ ነው ስንል፣ ለካ ወረቀቱ ነው የከሳው» አለ።

ሳቁ ከአንድ ጥግ ተነሳና ዞረ። ኦቦ ቀነዓ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ መሰላሉን ያዙ፣ ወጡ። እኔን ከላይ ሆነው «ኮቱ!» ብለው ጠሩኝ፣ ና ማለታቸው ነው። ከገመዱ ጎታቾች ጋር ልቆም ስል «እዛ አይደለም፣ እዚህ» አሉኝ።

ወጣሁ። ሰው ጎተተ፣ ዜማው ካቆመበት ቀጠለ። ብረቱ ተነሳ። አንደኛው ጫፍ አረፈ። ሌላኛው ሲወርድ እኔ አይኔን ጨፍኛለሁ። ብረት ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ያለው ድምጽ፣ «ድም» የሚለው፣ እሱን ሰማሁ። ስከፍት ቋሚው ግድግዳው መሃል ላይ ቁጭ ብሏል።

እልልታው ሊጀምር ሲል ኦቦ ቀነዓ እጃቸውን አነሱ። ከኮታቸው ኪስ ሜትር አወጡ። ሜትር! እሳቸው! አዲስ ነው፣ ላስቲኩ ገና አልተቀደደም። ጫፉን ያዙና ሌላውን ለኔ ወረወሩልኝ።

«ከግድግዳ ግድግዳ ለካ።»

እየተንገዳገድኩ ሄጄ ወጠርኩት።

«ስንት ነው?»

«አስራ አንድ ከሃያ ስምንት» አልኩ።

«አልሰማሁህም።»

«አስራ አንድ ከሃያ ስምንት ነው፣ ኦቦ ቀነዓ።»

«ለኔ አይደለም» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ታች፣ ወደ ሰዉ እያመለከቱ። «በስልክ ስትነግረኝ ብቻዬን ነበርኩ። አሁን ጮክ በል።»

ወደ ታች አየሁ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አቅንቶ ያየኛል፣ ባለገመዱ፣ የማርያም ሰፈር ሰዎች፣ «ተቃጥሎልዎታል» ያለውም አለ። ሜትሩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ድምጼ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጮህኩ።

«አስራ አንድ ከሃያ ስምንት!»